«እኔን!» የማይገባው አስተርጓሚ፦ የትርጉም መተግበሪያ ለሦስት ወር ተጠቅሜ ያየሁት

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ቁጥሩን አስቀድሜ የተናገርኩት ለቸኮለ ሰው ነው። ለምን ሦስት እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ግን ቡናውን ይዞ ይቀመጥ። ነገሩ ከስልክ ተነስቶ ሰው ከሰው ጋር በምን ይግባባል ወደሚለው ጥያቄ ነው የሚሄደው፣ እኔም ሦስት ወር ሙሉ ስብሰለሰልበት የከረምኩት እሱ ነው።

የመተግበሪያውን ስም አልጠራም። አንዱን ለይቶ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፤ ሌሎች ሁለት ሞክሬ ነበር፣ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ነው፦ ስትናገሩ ሰምቶ በሌላ ቋንቋ የሚናገር፣ ካሜራውን ጽሑፍ ላይ ስትደግኑት የሚያነብላችሁ።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ኅዳር ሁለተኛ ልጄን ወለድኩና እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን መጣች። (ይችን «ልታርሰኝ» የምትል ቃል መተግበሪያው ውስጥ አስገብቼ ነበር። በሬ የሚጠመድበትን እርሻ ነው ያወጣልኝ።) ባለቤቴ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ከታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ደግሞ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ፣ ስልሳን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ስፓኒሽ ነው የሚናገሩት፣ እንግሊዝኛው ብዙም የላቸውም። እኔ አራስ ቤት ነኝ፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ሁሉንም ላስተረጉም አልችልም። ስለዚህ በእናቴ ስልክ ላይ ጫንኩላትና ማይክራፎኑን መጫን አሳየኋት። በአንድ ቀን ለመደችው።

መጀመሪያ ደህናውን ልናገር። ለሚነበብ ነገር በጣም ጥሩ ነው። እናቴ ግፊት አለባት፤ የኪኒኗ ብልቃጥ ላይ ያለውን «በቀን አንድ ጊዜ ጠዋት» የሚለውን በካሜራው ራሷ አነበበች። ሱቅ ገብታ ጨው ያለበትን ቅቤ ከሌለበት ለየች። የልብስ ማጠቢያው ላይ ያሉትን ቁልፎች፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ፣ የልጁን ወተት ቆርቆሮ፣ ሁሉንም አነበበች። ሰው ሳትለምን ይህን ማድረግ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ፊቷ ላይ አይቻለሁ። አሜሪካ የመጣ ወላጅ የሚሰማውን ያን የታሰረ ስሜት ቀላል የሚያደርግ ነገር ሁሉ ክብር ይገባዋል። ለዚህ ለዚህ አምስቱንም ኮከብ እሰጠዋለሁ።

ችግሩ የጀመረው ሰው ሲመጣ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠያቂዎች ቤቱን ሞልተውት፣ ሁሉም ከበር ሲገቡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሉኛል። ጎረቤታችን አንድ ድስት ሾርባ ይዘው መጥተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እንግዶቹ አንድ ቃል እየደጋገሙ ሲገቡ ሲያዩ ጊዜ ምን እንደሚሉ እናቴን በስልኩ ጠየቋት። እናቴም አገላለጹን ለስልኩ ነገረችው። ስልኩ በስፓኒሽ ተናገረ። የሴትየዋ ፊት ተለወጠ። እኔን አዩኝ፣ ደረታቸው ላይ አማተቡ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ስልኩ አንድ ነገር አሉ። ስልኩ በአማርኛ «ምን ኃጢአት ሠራ?» አለ። ስልኩ እኔን እመቤታችን ይቅር እንዳለችኝ ነበር የነገራቸው። አጥባቂ ካቶሊክ ናቸው፤ ይቅርታ ካለ በደል አለ ማለት ነው ብለው ተጨነቁልኝ። ያውም በወንድ ጾታ፣ «ሠራ»።

እናቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሕፃኑን ከእኔ ተቀበለች፣ ወደ ሆዴ ጠቆመች፣ አይኗን ጨፍና በህመም እንደተያዘ ሰው ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለችው ሥዕለ ማርያም ቀና ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። ሴትየዋ ገና ሳትጨርስ ገባቸው። ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ።

ያን ቀን ማታ ልጁን እያጠባሁ ያሰብኩት ይህን ነው። ስልኩ «ማረች» የሚለውን ቃል አልሳተም። ማረ ማለት ይቅር አለ፣ ምሕረት አደረገ ነው። የሳተው፣ ይህ ቃል የሚባለው ከሞት አፋፍ ለተመለሰች ሴት መሆኑን ነው። ወሊድ ብዙ እናቶችን በወሰደበት አገር፣ ከምጥ በሕይወት መውጣት ራሱ ምሕረት ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ይህ ቃሉ ውስጥ የለም። ያለው አራስ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ገንፎው ውስጥ፣ በሩ ላይ ጫማቸውን እያወለቁ በሚገቡት ሴቶች ውስጥ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላንሳ፣ ያለ እሱ ይህን መተግበሪያ በትክክል መመዘን ስለማልችል። ሉድቪግ ቪትገንሽታይን ይባላል፣ በ1889 ቪየና ውስጥ ከናጠጠ ቤተሰብ የተወለደ ፈላስፋ ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለኦስትሪያ እየተዋጋ ያዘጋጀው የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1921 ወጣ። እዚያ ላይ ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ስም የአንድ ነገር ወኪል ነው፣ ዓረፍተ ነገር ደግሞ የአንድ ሁኔታ ሥዕል። ሥዕሉና ሁኔታው አንድ ዓይነት ቅርጽ ስላላቸው ነው የምንግባባው። ከዚያ በኋላ የፍልስፍና ጣጣ በዋናው ተፈታ ብሎ፣ የወረሰውን ሀብት ለእህትና ወንድሞቹ ሰጥቶ፣ የኦስትሪያ ገጠር ገብቶ የሕፃናት አስተማሪ ሆነ። ከ1920 እስከ 1926 አስተማረ። ለተማሪ ቤት ልጆች የሚሆን መዝገበ ቃላትም አሳትሟል። እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ያ ሁሉ ሎጂክ የጻፈ ሰው ከገበሬ ልጆች ጋር ስድስት ዓመት ስለ ቃል ሲታገል።

በ1929 ቀድሞ ወደተማረበት የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ካምብሪጅ፣ ተመለሰና የራሱን የመጀመሪያ ሐሳብ ማፍረስ ጀመረ። ወዳጆቹ የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ። ፒየሮ ስራፋ የሚባል ጣሊያናዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጓደኛ ነበረው። ቪትገንሽታይን ዓረፍተ ነገርና የሚገልጸው ነገር አንድ ሎጂካዊ ቅርጽ ሊኖራቸው ይገባል እያለ ሲከራከረው፣ ስራፋ በጣቶቹ ጫፍ አገጩን ከሥር ወደ ውጭ ጠረገ። የናፖሊ ሰው ሲንቅ ወይም ሲጸየፍ የሚያደርጋት ናት። «የዚህችስ ሎጂካዊ ቅርጽ ምንድን ነው?» አለው። መልስ አልነበረውም።

በ1951 ሞተ። ሁለተኛው ትልቅ መጽሐፉ በ1953 ነው የታተመው። እዚያ ላይ ቋንቋን ከግንባታ ቦታ ነው የሚጀምረው፤ ግንበኛና ረዳቱ አሉ፣ ግንበኛው የአንድን ድንጋይ ስም ይጠራል፣ ረዳቱ ያንን ያመጣል። እኛ አገር ግንባታ አጠገብ ያለፈ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከላይ ያለው «ብሎኬት!» ብሎ ሲጮህ የዕቃውን ስም እየነገረው አይደለም። አምጣ ነው የሚለው። ቃሉን ማወቅ ማለት ብድግ ብሎ ማቀበል ማለት ነው። እንዲህ መናገርና መሥራት አንድ ላይ የተገመዱበትን ነገር «የቋንቋ ጨዋታ» ብሎ ጠራው።

አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ስያሜ ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም። ለእኛ ጨዋታ ገበጣም ነው፣ ወሬም ነው። እንግዳ ዝም ብሎ ሲቀመጥ «ተጫወቺ እንጂ» እንላለን፣ ኳስ አናቀብላትም። (ስልኩ ግን ለጎረቤታችን ይህንኑ ሲተረጉም የልጆቹን ጨዋታ ነው ያደረገው፣ ሴትየዋም ምንጣፉ ላይ ከትልቁ ልጄ መኪናዎች አጠገብ ወረዱ። እናቴ እጃቸውን ይዛ ወደ ሶፋው መለሰቻቸው።)

የዚህ ሰው ሐሳብ መሠረቱ ግን «የአኗኗር መልክ» የሚለው ነው። አንድን ቋንቋ ማሰብ የአኗኗር መልክን ማሰብ ነው ይላል። ሰዎች በቋንቋ የሚስማሙት በአስተያየት ስለተስማሙ ሳይሆን በአኗኗር ስለተስማሙ ነው። ይህን አራት ጊዜ አንብቤ ያልገባኝ፣ የገባኝ በሰዓት ነው።

ታኅሣሥ ላይ ነው። የእናቴ ግፊት ስለጨመረ አንድ ክሊኒክ ቀጠሮ ያዝንላት። መልእክቱ በእሷ ስልክ ገባ። ራሷ በመተግበሪያው አነበበችው፦ «ቀጠሮዎ ሐሙስ 9፡00 ሰዓት ነው»። አልነገረችኝም፣ ልጄ ትረፍ ብላ። ሐሙስ ጠዋት በደንብ ቁርሷን በላች፣ ነጠላዋን ተኮሰች፣ ምሳ ሠራች። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ «በይ ታክሲ ጥሪልኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው ያሉኝ» አለችኝ። ቀጠሮው ካለፈ አምስት ሰዓት ሆኖታል። ሌላ ቀን ያገኘነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እናቴ ያን ቀን ብዙ አልተናገረችም፤ የሰው ሰዓት አባከንኩ ብላ ነው ያዘነችው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ቃል አሳዩኝ። ዘጠኝ ዘጠኝ ነው፣ ሰዓት ሰዓት ነው። ግን የእኛ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆመው ቀን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው በሚል ኑሮ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ በዓመቱ ውስጥ የቀኑ ርዝመት የሚለዋወጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አክብራ የምትወጣ ስለሆነ ከእሷ መቁጠር ይቻላል። ሜሪላንድ ላይ ግን በታኅሣሥ ብርሃኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ይጠፋል፣ በሰኔ ደግሞ ወደ አሥራ አምስት ሰዓት ይጠጋል። እዚህ ፀሐይን ጠብቆ አንድ ብሎ የሚቆጥር ሰው ቀጠሮ አይኖረውም። ቪትገንሽታይን ስለ መመዘን ተመሳሳይ ነገር ይላል፦ አይብ ሚዛን ላይ በተቀመጠ ቁጥር ያለ ምክንያት የሚያድግና የሚያንስ ቢሆን ኖሮ በሚዛን መሸጥ ትርጉም ያጣ ነበር። ቃሎቻችን የሚሠሩት ዓለም በሆነ መንገድ ስለጸናልን ነው። «ፀሐይ ላይ አምስት ሰዓት ነው» ማለት ምን ማለት ነው ብሎም ይጠይቃል። ቃሎቹን ሁሉ እናውቃቸዋለን፣ ግን ምንም አልተባለም። እናቴ ስልክ ላይ የተባለው «ዘጠኝ ሰዓት»ም ልክ እንደዚያ ነበር።

አሁን ለመተግበሪያው ፍትሐዊ ልሁን። የድሮዎቹ የትርጉም ማሽኖች ቃል በቃል ነበር የሚሄዱት። የአሁኖቹ እንደዚያ አይደሉም፤ እጅግ ብዙ ጽሑፍ አይተው ቃል ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚውል ተምረው ነው የሚተረጉሙት። ማለት የቃል ትርጉም አጠቃቀሙ ነው የሚለውን በራሳቸው መንገድ ተከትለዋል። ግን የሚያዩት አጠቃቀም የተጻፈውን ነው፣ በአማርኛ ደግሞ በኢንተርኔት ላይ የተጻፈው ከምንናገረው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። አራስ ቤት የሚባለው፣ ለቅሶ ቤት የሚባለው፣ እናት ለወደቀ ልጅ የምትለው አብዛኛው ተጽፎ አያውቅም። ብዙዎቹ ማሽኖች ከአማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሄዱ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል አዙረው ነው። በዚያ መንገድ ላይ አንቺም እርስዎም አንድ ሆነው ይቀራሉ። ስፓኒሽ የአክብሮት አጠራር አለው፣ አማርኛም አለው፣ መሃል ላይ ግን ይወድቃል። ጎረቤታችን እናቴን በጣም አክብረው ሲያነጋግሯት ስልኩ «አንተ ጎበዝ ነህ» ይላታል። እናቴ ለሳምንት ያህል ሴትየዋ ደፋር ናት ብላ ታስብ ነበር።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ አብሬ ሄድኩ። ልጁ አለቀሰና ለማጥባት ውጭ ቀረሁ። ነርሷ የክሊኒኩን የሚያስተረጉም ታብሌት ይዛ እናቴን ስትጠይቅ በበሩ ይሰማኛል። እንዴት ነው የሚሰማዎት ስትላት እናቴ «ምን እባክሽ ልጄ፣ ሆድ ብሶኛል» አለች። ታብሌቱ ሆዴ ተባብሷል አለ። ነርሷ ከመቼ ጀምሮ፣ ማስታወክ አለ፣ ተቅማጥ አለ፣ እያለች ጠየቀች። እናቴ እያዳመጠች እንደሆነ ለማሳየት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች። ታውቃላችሁ ያችን ወደ ውስጥ የምትባል «አዎ»? ነርሷ መጀመሪያ አንዴ ቀና አለች፣ ሁለተኛ ስትደግማት የኦክስጅን መለኪያውን ጣቷ ላይ አደረገችላት። እኔ ስገባ እናቴ ተኝታ ሆዷ እየተጫነ ነው፣ ጣቷ ላይ መለኪያ አለ፣ ፊቷ ግራ ተጋብቷል።

ነርሷ ጥሩ ሰው ነበረች፣ ይህን መናገር አለብኝ። ያደረገችው ሁሉ በሰማችው ልክ ትክክል ነው።

ሐኪሙ ሲመጣ ታብሌቱን ወደ ጎን አድርጎ በስልክ አስተርጓሚ ጠራ። ሁለት ደቂቃ ያህል ጠበቅን። አንዲት ሴት ገባች፣ የመለያ ቁጥሯን ተናገረች፣ የሚባለውን ሁሉ እንደምትተረጉምና በምስጢር እንደምትይዝ ነገረችን። እናቴ ያንኑ ቃል ደገመችላት። አስተርጓሚዋ ዝም ብላ አልተረጎመችም። መጀመሪያ ለሐኪሙ ማብራሪያ ልጠይቅ ብላ አስፈቀደች። ከዚያ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሆድ ባሰኝ ያሉት አዝነው ነው ወይስ ሆድዎን አሞዎት ነው?» አለቻት።

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። የወንድሟ ሙት ዓመት በዚያው ሳምንት ነበር። እሷ እዚህ ሆና ሳትገኝ ቀረች። ለእኔም አልነገረችኝም፣ አራስ ነሽ ብላ። ሌሊት እንቅልፍ እንደሌላት፣ ኪኒኗን አንዳንድ ቀን እንደዘለለችው፣ ሁሉም ያን ጊዜ ወጣ። ሐኪሙ ስለ እንቅልፏ ጠየቃት፣ ስለ ወንድሟ ጠየቃት። ግፊቷ ለምን እንደወጣ ያወቅነው በዚያች አንዲት ጥያቄ ነው።

ሆድ መባስ ምንድን ነው? እስቲ በአንድ ሌላ ቃል ንገሩኝ። ሐዘን ብቻ አይደለም። ሰው አጠገብህ ሊሆን ሲገባው ሳይኖር ሲቀር ነው የሚብሰው። ለቅሶ ተቀምጦ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ሰው ገብቶ ወጥቶ ሐዘንን ለብቻ አለመሸከም ነው የምናውቀው፤ ከዚያ ጉድለት ነው ቃሉ የሚወጣው። አስተርጓሚዋ የማላውቃት ሴት ናት፣ የትኛው ከተማ ሆና እንደምትሠራም አላውቅም። ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ታውቃለች። ከመዝገበ ቃላት የተሻለ ነገር የነበራት እሱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መጠራጠሯ ነው። መተግበሪያው አንድም ቀን «ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ ጠይቆን አያውቅም።

ለአገልግሎቱ፣ ለሰው አስተርጓሚ ማለቴ ነው፣ አምስት ኮከብ። ለዚህች ሴት ከአምስት በላይ ቢኖር እሰጥ ነበር። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስላለ ልጻፈው፦ አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታልና ክሊኒክ እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ በነፃ የቋንቋ እርዳታ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። እዚሁ አጠገባችን ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የራሷን የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች፣ አማርኛም የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ታብሌት ሲያመጡላችሁ «የሰው አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። ማፈር የለም፣ ክፍያም የለም። ልጆቻችሁንም ለእናንተ ሐኪም ቤት አታስተርጉሟቸው፤ እናቴ ያን ቀን ያወጣችውን ነገር እኔ ብጠይቃት አትነግረኝም ነበር።

አንድ የቀረ ነገር አለ። እስካሁን የጻፍኩትን ያየ ሰው፣ እንግዲያው ያለ አንድ ባህል መግባባት የለም ልትል ነው ወይ ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ቪትገንሽታይን ራሱ እንዲህ ይጠይቃል፦ ፍጹም የማናውቀው ቋንቋ የሚነገርበት አገር ብንገባ፣ ሰዎቹ ሲያዙ፣ ሲታዘዙ፣ እምቢ ሲሉ በምን እንለያቸዋለን? መልሱ፣ ሰዎች ሁሉ በሚጋሩት አደራረግ ነው የማናውቀውን ቋንቋ የምንፈታው የሚል ነው። ስለ ህመም ሲናገርም ልጅ ሲጎዳ ያለቅሳል፣ ትልልቆቹ ቀስ በቀስ በልቅሶው ቦታ ቃል ያስተምሩታል ይላል። ቃሉ ከልቅሶው ላይ ነው የሚበቅለው።

ጥር ላይ በረዶ ጥሎ ነበር። ጎረቤታችን የውጩን ደረጃ ሲወጡ እግራቸው ከዳቸውና በጉልበታቸው ወደቁ። እናቴ ከኋላቸው ናት። «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ብላ ያለ ጓንት በረዶው ላይ ተንበረከከች። ስልኩ ኪሷ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም፣ ሴትየዋም አልጠበቁትም። የእናቴን ትከሻ ተደግፈው ተነሱ፣ ሁለቱም በየቋንቋቸው እየተናገሩ ገቡ፣ እናቴ ጉልበታቸውን በሞቀ ውሃ አጠበችላቸው። ስለ አንቺ እኔ ልውደቅ የሚለውን ነገር የትኛው ቋንቋ ውስጥ እንዴት እንደሚሉት አላውቅም። ሴትየዋ ግን የተባሉትን አንድም ነገር የሳቱ አይመስለኝም።

ማታ ስልኩ ላይ ሞከርኩት። «እኔን» የሚለውን ልክ «ልጁ እኔን መታኝ» ላይ እንዳለው አድርጎ ነው የተረጎመው።

ይሄው ነው እንግዲህ የእኔ ሦስት ኮከብ። ከሥር ያለው፣ ሰው ሁሉ የሚጋራው፣ መውደቅና መነሳት፣ ረሃብና ልቅሶ፣ መተግበሪያ አይፈልግም። ከላይ ያለው የአንድ ሕዝብ ኑሮ፣ ሰዓቱ፣ ምርቃቱ፣ ለቅሶው፣ መተግበሪያው አይደርስበትም። መሃል ላይ ያለው ነው የእሱ፦ ብልቃጥ፣ ፌርማታ፣ ቅቤ። መሃሉ ትንሽ አይደለም፣ እናቴን ከቤት አውጥቷታል።

ኑሮ ሲለወጥ ቃሉ የሚሄድበት መንገድም ይገርመኛል። ጓደኞቻችን ቨርጂኒያ ቤት ሲገዙ እንግዳው ሁሉ «ቤት ለእንቦሳ» እያለ ገባ፣ እነሱም «እንቦሳ እሰሩ» አሉ። የቤቱ ባለቤት ትንሿ ልጅ እንቦሳ አይታ አታውቅም። በስልኩ ብትጠይቀው ጥጃ ይላታል፣ ትክክል ነው። ግን በሚቀጥለው ጊዜ እሷ ራሷ በር ላይ ቆማ «እንቦሳ እሰሩ» ስትል ሰማኋት፣ ሳትጠየቅ፣ በቦታው። መልስ እንደሚገባው አውቃለች። መተግበሪያው ይህን ስላላወቀ ተርጉሞ ዝም ይላል።

ለወላጆቻችሁ ልትጭኑላቸው ከሆነ ጫኑላቸው፣ አልከለክልም። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሰዓቱን በወረቀት ጻፉላቸው፦ የእነሱ 9፡00 ጠዋት የእኛ ሦስት ሰዓት፣ የእነሱ 3፡00 ከሰዓት የእኛ ዘጠኝ። የቀጠሮ መልእክት ሲመጣ ከመተርጎማቸው በፊት ለእናንተ እንዲያሳዩ ንገሯቸው። የእኛ ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ነው የተለጠፈው። እናቴ የካቲት ላይ ሄዳለች፣ ወረቀቱን ግን አላነሳሁትም፤ ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ ሲመጡ የሁለቱን አገር የሰዓት ልዩነት ደምረው፣ እሱን እያዩ ነው ደብረ ብርሃን ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያሰሉት። ከዚያ ለእናቴ ይደውላሉ።